የእታባ መቀስ ለማን?

መስከረም 14

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህትዓለሜ ለዝግታ

ሰላምታዬ አንቺ ደጃፍ እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ከጋለው ካውያ አጠገብ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ብርድ የሚያስገባው መስኮትሽ ተሠራልሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልኩት ደብዳቤ ስለሆነ ነው፤ ደብዳቤ በእሮሮ አይጀመርም ብለው ያሳደጉን አክስታችን እታባ ናቸው።

ለምን አልደወልሽም እንዳትይኝ። በስፌት ቤታችን ስልክ ማንሳት ማለት መንገድ ዳር ቆሞ መጮህ ማለት ነው። ቁልፍ የሚተክሉት ጋሼ ቁልፍ አንድ ጆሯቸው ከመርፌው፣ አንድ ጆሯቸው ከእኔ ነው፤ ያልሰሙትን ደግሞ ከኪሳቸው ይሞሉታል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እታባ ዓይናቸው ደክሟል። ክር ወደ መርፌ የሚያስገቡት በጣታቸው እየዳበሱ ነው፤ የጠመኔው መስመር ግን ፈጽሞ አልታይ ብሏቸዋል። ባለፈው የደንበኛችንን የአስተማሪዋን ኮት ሊቆርጡ መቀሱን ከፍተው፣ ቆም ብለው፣ ሳይቆርጡ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«መቀሴን አስረክባለሁ። የማስረክበው በዕድሜ አይደለም፣ በዝምድናም አይደለም። እጇ ለእጄ ለቀረበች ነው። ደንበኛዬ ልብሱን ለብሶ ‹ዛሬ ሌላ ሰው ነው የቆረጠው› ካለ እኔ በቁሜ ሞቻለሁ ማለት ነው።»

ያ መቀስ ምን እንደሆነ ለአንቺ አይነገርሽም። ጠረጴዛው ነው፣ ደንበኛው ነው፣ ቃሉ ነው። መቀሱን የያዘች ትቆርጣለች፤ ሌላው የተቆረጠለትን ይሰፋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የተቆረጠልኝን ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይገባኛል ብዬ አፌን ልከፍት ስል የእታባ ፊት ወደ ማን ዞረ መሰለሽ? ወደ ለስላሳዋ!

ለስላሳዋን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣችው። የሟቹ የእታባ ባል የእህት ልጅ ናት፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ድምፅዋ እንደ ሳቲን ጨርቅ ነው፣ ያዝኩት ስትይ ያመልጥሻል። ስትስቅ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ሜትር አፏን ትሸፍናለች። እታባ ስፌቷን በጣታቸው ይዳብሱና «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ይላሉ። የእኔን ዳብሰው ምን እንደሚሉ ልንገርሽ? «ቀጥዪ።» በቃ፣ «ቀጥዪ»! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ለእኔ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። አንቺ በመሥሪያ ቤትሽ ማን ከማን እንደሚቀርብ የሚለይ ኮምፒውተር አለሽ አይደል? እታባም «የዝግታ ኮምፒውተር አያዳላም» ብለዋል። (ስምሽ እንዴት እንደሚጣፍጣቸው! «ዝግታ ብትኖር» ሳይሉ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ።) እባክሽ ፍረጂልን። የሚያስፈልገውን አሰናድቼ የምልክልሽ እኔ ነኝ።

ደጅሽን ሰላም፣ መንገድሽን ቀና ያድርገው።

ጥድፊያ እያላችሁ ያሳደጋችሁኝ
ጥድፌ


ጥቅምት 3

ለጥድፌ፣ የአጎት ልጅ ተብለሽ እህት ለሆንሽኝ

እንደምን ሰነበታችሁ? የእታባን እጅ ሳሚልኝ፣ ሁለቱንም። መስኮቱ አልተሠራም፤ ጨርቅ ጠቅጥቄበታለሁ። እንዴት ያለ ጥሩ ጨርቅ እንደሆነ ለእታባ እንዳትነግሪ።

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እሺ፣ እሠራዋለሁ። ግን ኮምፒውተር ብቻውን ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው የሰጠሽውን ነው።

የእኔ ሥራ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ በአንድ የበሽታ ስም የሚጠሩ ብዙ ሕመምተኞች አሉ። ያው መድኃኒት አንዱን ያድናል፣ ሌላውን ዞር ብሎም አያየውም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዓይነታቸው ይለያያል ብለን ማን ከማን እንደሚመሳሰል እንፈልጋለን። የደማቸውን ውጤት እናያለን፣ የሰውነታቸውን የውስጥ ምስል እናያለን፣ በገዛ አፋቸው «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ያሉትንም እንሰማለን። እነዚህን ምንጮች እንላቸዋለን። አንዱን ምንጭ ብቻ የሰማ ሰው ከሳሽን ሰምቶ ተከሳሽን ሳይሰማ እንደፈረደ ዳኛ ነው።

ከእያንዳንዱ ምንጭ ዛፍ እንሠራለን። ዛፉ የሚያድገው ከቅጠሉ ወደ ግንዱ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ቅጠል ነው። ከሁሉ የሚቀራረቡት ሁለቱ ይጋጠሙና ቅርንጫፍ ይሆናሉ። ቀጥሎ ለእነሱ የሚቀርበው ይገጥማቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግንዱ ላይ ሁሉም ይገናኛል። ቀድሞ የገጠመ ቅርብ ነው፣ ዘግይቶ የገጠመ ሩቅ ነው። የመጋጠሚያው ዘዴም አንድ አይደለምና ከአንዱ ምንጭ እንኳ ብዙ ዛፍ ይወጣል። በመጨረሻ ዛፎቹን ሁሉ እንደ ሽማግሌ አስቀምጠን «እነዚህ ሁለቱ እናንተ ዘንድ ቶሎ ተገናኙ ወይስ ዘግይተው?» ብለን እንጠይቃለን። ከሁሉም ቃል አንድ የጋራ ዛፍ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ይሳሳታል፤ ሁሉም በአንድ ነገር ላይ እኩል አይሳሳቱም።

ስለዚህ አራት ነገር ላኪልኝ። አንደኛ፣ ሁላችሁም ከአንድ ጨርቅ አንድ ዓይነት ኮሌታ ሰፍታችሁ የስፌቱን ፎቶ፣ በተለይ የውስጡን። ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት ሰፍታችሁ ከሰቀላችኋቸው ልብሶች ላይ በሜትር የተለካውን፦ ጠርዙ ምን ያህል ነው፣ ለሰውየው የተተወለት ትርፍ ምን ያህል ነው። ሦስተኛ፣ የስፌት መኪናውን ስትረግጡ የሚሰማውን ድምፅ፤ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ ቅዱት። አራተኛ፣ የደንበኞችን ቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የክር ቀለም ስጪ፤ ኮሌታው ጥግ ላይ እሰሪው፣ በሌሎቹም ምንጮች ላይ ያው ቀለም ይሁን።

እኔም እዚህ አንድ ኮሌታ እሰፋለሁ። ለማነጻጸሪያ ያህል ነው። ከጎረቤቴ የምዋሰው መኪና በመብራት የሚሠራ ስለሆነ መርገጫ የለውም፤ ድምፁ ላይ አልኖርም፤ እዚያ የተሰቀለ ልብስም ደንበኛም የለኝምና የምገኘው ኮሌታው ላይ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበሬ አለች? ማን ይቀመጥባታል?

ሰላማችሁ ይብዛ።
ዝግታ


ጥቅምት 24

ለእህትዓለም

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝሽ፤ ካገኘሽ ደግሞ ተቀምጠሽ አንብቢው፣ ረጅም ወሬ ነው።

ወንበርሽ አለች። የምትቀመጥባት ለስላሳዋ ናት። ትራስ ሰፍታላታለች፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። እኔ ስንት ዘመን ጎኗ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩባትም፤ «የዝግታ ናት» ይሉ ነበራ እታባ! እሷ ግን ገና ከበር ስትገባ «እዚያ ብርሃን አለ፣ ተቀመጪ» ተባለች። ይሁን።

ያልሽውን ሁሉ አሰናድቻለሁ። ኮሌታውን ሁላችንም ሰፋን፤ እታባ በጣታቸው ብቻ እየተመሩ ሰፉት፣ ብታይ እንባሽ ይመጣል። ድምፁን ስንቀዳ ጋሼ ቁልፍ ማንጎራጎር ጀመሩ። «ጋሼ፣ የሚቀዳው የመኪናው ድምፅ ነው» ብላቸው «እኔ ሳላንጎራጉር ሰፍቼ አላውቅም፣ እውነተኛው እጄ ይታይ ካላችሁ ከነዘፈኔ ውሰዱኝ» አሉ። ቢቸግረን ከነዘፈናቸው ላክናቸው። ለስላሳዋ ደግሞ መርገጫውን የምትረግጠው ድመት አልጋ ላይ ስትወጣ ነው የሚመስለው።

በሜትር የለካሁትንም ጽፌልሻለሁ። የእታባ ልብስ ሁሉ ሁለት ጣት ትርፍ አለው። ልክ ሲያስተምሩን ከሜትሩ ሥር ሁለት ጣት አስገቡ ይሉን ነበር፣ አንዱ ለምሳ፣ አንዱ ለሳቅ። ትዝ ይልሻል?

በደንበኞቹ ቃል ግን አንጀቴ አረረ። አስተማሪዋን ጠየቅኳት። «የለስላሳዋን ቀሚስ ለብሼ የወጣሁ ቀን ያየኝ ሁሉ አማረብሽ አለኝ» አለች። «የእኔንስ?» አልኳት። «ያንቺንማ፣ ምን ልበልሽ፣ መልበሴንም እረሳዋለሁ። የእታባም እንደዚያው ነው» አለች። ሰምተሻል? መልበሷን ትረሳዋለች! ያለችውን ሁሉ እንዳለ ጻፍኩልሽ፤ ቀናሁ እንጂ አልዋሸሁም።

ቀለሞቹ እንዲህ ናቸው፦ እታባ ነጭ፣ እኔ ቀይ፣ ለስላሳዋ ቢጫ፣ ጋሼ ቁልፍ ሰማያዊ። ኮሌታዎቹ ላይ ክሩን ያሰርኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ በሌላ ሰው እምነት የለኝም። ፎቶውን አስተማሪዋ በስልኳ አነሳችልን፣ ከድምፁ ጋር ልካልሻለች። ኮሌታዎቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ቶሎ በዪ። አንቺ ዝግታ ብትሆኚም እኔ ጥድፊያ መሆኔን እንዳትረሺ።

ጥድፌ


ኅዳር 22

ለጥድፌ

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። ቶሎ ስላልጻፍኩ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የላክሽው ሁሉ ደርሶኛል። ገና አልጨረስኩም። ዛፎቹ እርስ በርስ አልተስማሙም፤ አንዱ ምንጭ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብሏል። እስኪጣራ ትንሽ ታገሡ።

ለወንበሬ የተሠራው ትራስ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?

ዝግታ


ታኅሣሥ 8

ለዝግታ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ ጤናሽ በሌላ ደብዳቤ እጠይቅሻለሁ። ትራሱ አረንጓዴ ነው። አሁን ስሚኝ።

እታባ ትዕግሥታቸው አለቀ። የተማሪዎች ዩኒፎርም ተደርድሮ የሚቆርጠው ጠፋ፤ አስተማሪዋም ስለ ኮቷ ተመላልሳ ደከማት። «የዝግታ ኮምፒውተር እንደ ስሟ ነው። ጣቴ ግን እዚሁ ነው» አሉና ኮሌታዎቹን ከመሳቢያው አስወጡ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርንላቸው። ሁላችንም ቆመን እናያለን። ለስላሳዋ ሜትሯን አፏ ላይ ይዛለች።

እታባ አንድ በአንድ ያነሳሉ። የስፌቱን ውስጥ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይከተላሉ፣ ጥጉ ላይ ሲደርሱ ያጥፋሉ፣ ያስቀምጣሉ። የጋሼን ኮሌታ ገና ሲነኩት ሳቁ። ሌላ አነሱ፣ «መልካም» ብለው አስቀመጡ። ከዚያ አንዱን አንስተው ጀመሩ፣ ጨረሱ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ይህኛው የኔ ነው» አሉ።

ጋሼ ቁልፍ «አይደለም እታባ፣ የእርስዎ ነጩ ነው፣ ያው ከፊትዎ ተቀምጧል» አሏቸው።

«ታዲያ ይህ የማን ነው?»

«ቢጫ ክር ነው ያለው።»

«ቢጫ የማን ነበር?»

«የለስላሳዋ!»

ጋሼ አጨበጨቡ። ለስላሳዋ አለቀሰች። እታባ መቀሱን ከነማንጠልጠያው ከአንገታቸው አውልቀው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። እኔስ?

ዝግታ፣ ያ ኮሌታ የእኔ ነው።

ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ቤቱ ባዶ ሲሆን የእሷን ቢጫ ክርና የራሴን ቀይ ክር ፈትቼ አቀያየርኳቸው። የእሷ ስፌት ለእታባ የሚቀርብ መስሎኝ ነዋ! ያን ሁሉ «እሰይ» ስሰማ ምን ልበል? የእሷን እጅ ሰርቄ የራሴ ላደርግ ብዬ የገዛ እጄን አንስቼ ሰጠኋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እታባ የራሳቸው ነው ብለው የተሳሳቱበትን ስፌት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ መቀሱ ግን እሷ አንገት ላይ ይወዛወዛል።

ብናገር «ለምን ቀየርሽ?» ይሉኛል። ዝም ካልኩ ዕድሜዬን ሙሉ እሷ የቆረጠችውን ስሰፋ ልኖር ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። «ኮምፒውተሩ ቀይና ቢጫው ክር ሲታሰር መቀያየሩን አገኘ» ብለሽ ለእታባ ጻፊ። ማን አሰረው ሲሉ ጋሼ ቁልፍ ናቸው እላለሁ። ቀለም በደንብ እንደማይለዩ ሁሉም ያውቃል፤ ለአንድ ሰው ኮት ቡናማ ቁልፍ በጥቁር ክር ተክለው አልነበረም? ማንም ብዙ አይቆጣቸውም።

ቶሎ ጻፊ። ለመንኩሽ።
ጥድፌ


ታኅሣሥ 23

ለጥድፌ

እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፣ አውቀዋለሁ። እኔም ደህና አይደለሁም። ለአንዴ እንኳ ደብዳቤ በእሮሮ ይጀመር።

ያልሽኝን አልጽፍም።

ኮምፒውተሩ ያገኘውን ልንገርሽ። በልብሶቹ ልክ ከሁሉ ቀድመው የተጋጠሙት ቀይና ነጭ ናቸው። በመኪናው ድምፅ ቀይና ነጭ። በደንበኞቹ ቃልም ቀይና ነጭ፤ አስተማሪዋ መልበሷን የምትረሳው የሁለታችሁን ልብስ ብቻ ነው። በኮሌታው ፎቶ ላይ ብቻ ቢጫ መጥቶ ከነጭ ጋር ተቀመጠ፣ ቀይም ወደ ቢጫ ቦታ ሄደ። ሌላው ሁሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድ ምንጭ ብቻውን ሲያፈነግጥ ወይ ሌሎቹ ያላዩትን አይቷል፣ ወይ ሰው ነክቶታል። ልክ ሁለቱ ብቻ ቦታ ተለዋውጠው ሌላው እንዳለ ሲሆን ደግሞ መጠርጠር ከባድ አይደለም። ክሩን ያሰርኩት እኔው ነኝ ብለሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

አዎ፣ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። «አልጨረስኩም» ብዬ ስጽፍልሽ ጨርሼ ነበር።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ዛፉ ላይ የሁላችሁን ቦታ ካየሁ በኋላ የራሴን ፈለግሁ፤ አረንጓዴ ነኝ። ከነጩ አጠገብ ፈለግሁ፣ የለሁም። ከቢጫው አጠገብ ፈለግሁ፣ የለሁም። ከሁላችሁ በኋላ ግንዱ ሥር አገኘሁት። ጋሼ ቁልፍ እንኳ ይቀድሙኛል! ከዚህ ኮሌታ በቀር ሌላ ነገር ሰፍተው የማያውቁ፣ ቁልፍ ብቻ የሚተክሉ ሰው! አንቺ በየደብዳቤው «እታባ አያመሰግኑኝም» እያልሽ ታለቅሻለሽ፤ ከእሳቸው እጅ ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠሽ! ትንሽ ትሠቃይ ብዬ ዝም አልኩ። በሥራዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ያኔውኑ ብነግርሽ ኖሮ እታባ ኮሌታ ሳያስወጡ ነገሩ ይቃና ነበር። ስለዚህ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው። ጋሼ ቁልፍ ግን አንድም ጥፋት የለባቸውም። ስማቸውን አታንሺ።

ለእታባ ውጤቱን እንዳለ እልካለሁ፦ ሦስቱ ምንጭ እንዲህ አሉ፣ አንዱ እንዲህ አለ። ለምን እንደሆነ አልጽፍም። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ሳምንት አዘግይቼ ነው የምልከው። እባክሽ ቅደሚው። ለአንዴ ጥድፊያሽ ይጥቀምሽ።

ዝግታ


ጥር 26

ለእህትዓለሜ ለዝግታ

ፈጣሪ መስኮትሽን ይዝጋልሽ፣ በርሽን ይክፈትልሽ። በርጋታ ነው የምጽፍልሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሁለት ቀን ተናደድኩብሽ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ባለበት ተነሳሁ።

«እታባ፣ ያ ኮሌታ የእኔ ነው።»

«የቱ ኮሌታ?»

«ቢጫ ክር ያለው። ክሩን ፈትቼ የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ጋሼ ቁልፍ እንኳ ማንጎራጎራቸውን ተዉ።

«ለምን?» አሉ እታባ።

«የእሷ ስፌት ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ የሚቀርብ መስሎኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! የእሷን ዳብሰው እሰይ ይላሉ። ለእኔ ግን አንድ ቀን እሰይ ብለውኝ ያውቃሉ? ቀጥዪ፣ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ! እኔ ሰው አይደለሁም?»

እታባ እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ።

«አንቺ ጅል» አሉኝ። «ሰው የገዛ እጁን እሰይ ይላል? የእሷን የማመሰግነው የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ ነው። ያንቺን ስዳብስ የቱ ጋ እኔ እንዳቆምኩ፣ የቱ ጋ አንቺ እንደጀመርሽ ይጠፋኛል። ‹ቀጥዪ› የምልሽ ለዚያ ነው። ቀጥዪ ነዋ! ሌላ ምን ልበል?»

ዝግታ፣ አለቀስኩ ብዬ አልዋሽሽም፤ ጮህኩ ነው የሚባለው። ለስላሳዋ ከወንበርሽ ተነስታ መቀሱን ከአንገቷ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምነው በሰደበችኝ!

እኔም እጄን ልሰድ ስል እታባ ቀድመው መቀሱን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ቆይ» አሉ። «እጅሽ እጄ ነው። ልብሽ ግን ልቤ አይደለም። መቀስ የያዘ ሰው የሰው ልክ ይወስዳል፤ በሰው ልክ የዋሸ ደግሞ መቀስ አይዝም። አሁን የዚህችን ልጅ ልክ ውሰጂ። ቀሚስ ቁረጪላት፣ ስፊላት። ካማረባት መቀሱ ያንቺ ነው። ከጠበባት የእሷ ነው።»

አየሽ ፍርድ? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም! ከዓለም ሴት ሁሉ ላሳምራት የማልፈልጋትን እንዳሳምር ተፈረደብኝ።

ልኳን ልወስድ ቀረብኩ። ልክ መውሰድ ማለት ማቀፍ ማለት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ስቀመጥ አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም። ትከሻዋን ለካሁ፣ ደረቷን ለካሁ። ወገቧ ላይ ስደርስ ሜትሩ አልንቀሳቀስ አለኝ።

«ትንፋሽሽን ልቀቂ፣ ልኩ ይሳሳታል» አልኳት።

«እንዳታጠብቂብኝ ፈርቼ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

አትሳቂ፤ ላጠብቅ ነበር። እውነቱን ነው የምነግርሽ። አንድ ጣት ብቻ አስገብቼ ሜትሩን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ጣት ሲቀነስ ማንም አያይም፤ ቆማ ታምራለች፣ ስትቀመጥ ይይዛታል፤ ሰው የሚለው ሰውነቷ ጨመረ ነው። ከዚያ ግን ጠረጴዛው ጋ እታባ ቆመዋል፣ ዓይናቸው አያይም፣ ጣቶቻቸው ግን አየር ላይ እንደ እኔው ሜትር የያዙ ይመስላሉ። ሁለተኛውን ጣቴን አስገባሁ። ትንፋሿን ለቀቀች።

«ስፌትሽን አንድ ቀን ፈትቼ ነበር» አለችኝ በጆሮዬ። «ከተሰቀለው ቀሚስ ላይ። እንዴት እንደምታደርጊው ለማየት። መልሼ ሰፋሁት፣ ግን እንዳንቺ አልሆነም።»

«የቱን ቀሚስ?»

«የአስተማሪዋን።»

ያ ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ያላት ቀሚስ! አስተማሪዋ የለስላሳዋ ነው ያለችው እኔ የሰፋሁትን ነበር፤ ወገቡን ፈትታ መልሳ ስትሰፋው አጥብቃው ነው ለካ። እኔ በእሷ ስቃጠል እሷ የእኔን ክር ስትፈታ! ምን ልበላት? ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ አፏን ልትሸፍን ሜትሯን ፈለገች፤ ሜትሩ ለካ እኔ እጅ ላይ ነው።

ቀሚሱን ቆረጥኩ። መቀሱ ከባድ ነው፣ ታውቂያለሽ? እታባ እንዴት እንደያዙት እንጃ። ሰፋሁት፣ ለበሰችው። ስትቀመጥ አልያዛትም፣ ስትስቅ አልሳባትም። እታባ ወገቧን ዳበሱና ምን አሉ መሰለሽ?

«ቀጥዪ።»

መቀሱ አንገቴ ላይ ነው። ለጋሼ ቁልፍ ስማቸውን ምን ላደርገው አስቤ እንደነበር ነገርኳቸው። «አይ፣ ቀለምስ በደንብ እለያለሁ፤ ቡናማው ቁልፍ በጥቁር ክር ያምራል ብዬ ነው» ብለው ሁለት ቀን አኩርፈው ታረቁኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ቀሚሱ ያምርባታል። በጣም ያምርባታል። ባየኋት ቁጥር እርር እላለሁ፤ የሰፋሁት ደግሞ እኔ!

መቀሱን በያዝኩበት እጅ
ጥድፌሽ


የካቲት 12

ለጥድፌ፣ ለቆራጯ

መቀሱ ይቅናሽ። እጅሽን ከስለት፣ ልብሽን ከእኔ ዓይነት ሰው ይጠብቀው።

ክሮቹን ወደ ቦታቸው መልሼ ዛፎቹን ሁሉ እንደገና ሠራሁ። አሁን አራቱም ምንጭ ተስማሙ። በጋራው ዛፍ ላይ አንቺና እታባ አንድ ቅርንጫፍ፣ ለስላሳዋ ቀጥላ፣ ጋሼ ከነዘፈናቸው ከዚያ በኋላ፣ እኔ ግንዱ ሥር። ቦታዬ አልተለወጠም፤ ይለወጣል ብዬ ሳይሆን አይቀርም ደጋግሜ የሠራሁት። ያም ሆኖ ይህ ዓይነቱ ዛፍ ማንንም ውጭ አያስቀርም፤ የዘገየም ቢሆን ይገጥማል። ስሜም ያው ዝግታ ነው።

ወንበሬን ለስላሳዋ ትቀመጥባት። ትራሱንም አትንኩት። ቀለሙ ግን የእኔ ነበር በያት።

አንድ ልመና አለኝ። ለእሷ ቀሚስ ከሰፋሽ ለእኔም ስፊልኝ፤ ቀንቻለሁ፣ ምን ይደረግ። ልኬን ከታች ጽፌዋለሁ። ወገቤ ጨምሯል፣ ለጋሼ ቁልፍ እንዳታነቢላቸው። የለካሁት ብቻዬን መስታወት ፊት ቆሜ ነው፤ ከሜትሩ ሥር ጣት የሚያስገባልኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ስትቆርጪ ሁለቱን ጨምሪልኝ፣ አንዱን ለምሳ፣ አንዱን ለሳቅ።

ዝግታ